ያልተንቀሳቀሰችባቸው ቀናት

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለን፣ በትርፍ ጊዜዬ ለወራት ስሠራው የቆየሁትን ካርታ ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ባለ ስድስት ጎማ ሰው አልባ ተሽከርካሪ (ሮቨር) በማርስ ላይ የተጓዘችበትን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያሳይ፣ በማንኛውም ስልክ የሚከፈት የኢንተርኔት ካርታ ነው። ልጅቷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀዩን መስመር በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችውና «ጋሼ፣ ይህን ያሰመረው ሰው መንገዱን አይቶታል?» አለችኝ። እዚያ የሄደ ሰው እንደሌለ ነገርኳት። «ታዲያ በዚህ በኩል መሄዷን በምን አወቀ?»

የሰጠኋት መልስ ስህተት አልነበረበትም። ጎማዎቹ ስንት ጊዜ እንደዞሩ ይቆጠራል፣ ሮቨሯ ያነሳቻቸው ምስሎች ይነጻጸራሉ፣ ከላይ ከምህዋር የተነሳ ፎቶግራፍም አለ አልኳት። እሷ ተቀብላኝ ወደ ሌላ ጨዋታ ሄደች፤ ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል። የእኔ ቀይ መስመር እንደነበረ ሰው አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ በዚያ መንገድ ላይ የነበረ ሰው ግን የለም። ሙያዬ የመሬት ቅየሳ ነው፤ በሥራዬ ላይ መሣሪያ ያልተተከለበትን ነጥብ እንደተለካ አድርጌ በካርታ ላይ አስፍሬ አላውቅም። በማርስ ካርታዬ ላይ ይህን ጥንቃቄ የት እንደጣልኩት ራሴን መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው።

የማርስ አንድ ዲግሪ

ካርታውን የጀመርኩት ቀላል መስሎኝ ነበር። ናሳ የሮቨሮቹን መረጃ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያወርደዋል። የኢንተርኔት ካርታ አሠራርም በሙያችን የታወቀ ነው፤ ትልቁ ምስል እያንዳንዳቸው 256 በ256 ፒክሰል የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ሆኖ ይቆራረጣል፣ ተመልካቹ ባጎላ ቁጥር ዝርዝሩ በእጥፍ የጨመረ ሌላ የካሬዎች ድርድር ይቀርብለታል፣ በዚያ ላይ መስመሩና ነጥቡ ይነጠፋል። ይህንን ለወረዳና ለቀበሌ ካርታ ደጋግሜ ስለሠራሁት በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብዬ ገባሁበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ደረሰብኝ።

መስመሩን አስምሬ ጠቅላላ ርዝመቱን እንዲያሰላ ሳዘው ከ84 ኪሎ ሜትር በላይ አለኝ። ኦፖርቹኒቲ በዕድሜዋ ሙሉ የተጓዘችው ግን 45.16 ኪሎ ሜትር ነው። ስህተቱን እስካገኘው ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። የተጠቀምኩበት የካርታ ፕሮግራም ለምድር የተሠራ ስለሆነ፣ ርቀት በሚያሰላበት ቀመር ውስጥ የምድር ሬዲየስ 6371 ኪሎ ሜትር ተብሎ አስቀድሞ ተጽፎበታል፤ የማርስ ሬዲየስ ደግሞ በወገቧ ላይ 3396 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በማርስ ላይ 59 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዷን ቁጥር ስለውጣት ርዝመቱ ወደ 45 ወረደ።

ከዚያ ኬንትሮሱ አስቸገረኝ። የቆዩት የማርስ ካርታዎች ኬንትሮስን ወደ ምዕራብ ሲቆጥሩ አዲሶቹ ወደ ምሥራቅ ይቆጥራሉ። ኦፖርቹኒቲ ያረፈችበት ሜሪዲያኒ ፕላነም ከዜሮው ኬንትሮስ በስተምዕራብ 5 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ የሚገኝ ሜዳ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ከዜሮው መስመር ነው። እኔ ከአንድ የቆየ ሰንጠረዥ የቀዳሁት ቁጥር በምሥራቅ በኩል ስለተነበበ መነሻዋን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አራቀው። ለኢትዮጵያዊ ቀያሽ ይህ ዓይነቱ ችግር እንግዳ አይደለም። የቆዩት 1:50,000 ካርታዎቻችን አዲንዳን በተባለው ዳተም፣ ማለትም የቦታ ልኬት መነሻ፣ የተሠሩ ናቸው፣ ጂፒኤስ የሚሰጠን ቁጥር ደግሞ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው፤ ሁለቱን ሳያስታርቅ የደባለቀ ሰው ችካሉን 200 ሜትር ገደማ አሻግሮ ይተክላል። እንዲህ ያለውን ስህተት ለመያዝ የሰለጠንኩ በመሆኔ፣ ሁለቱን ካረምኩ በኋላ ካርታው የተፈወሰ መሰለኝ። ከባዱ ስህተት ግን ያለው ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ሆነው በተገኙበት ቦታ ነበር።

ክፍት ትራቨርስ

ቀያሾች ትራቨርስ የምንለው ከታወቀ ነጥብ ተነስቶ፣ አቅጣጫና ርቀት እየለኩ ከነጥብ ወደ ነጥብ መሄድን ነው። ወደ ተነሳንበት ወይም ወደ ሌላ የታወቀ ነጥብ ከደረስን ትራቨርሱ ተዘጋ እንላለን፤ በመንገድ ያጠራቀምነው ስህተት መጠኑ ይታወቅና ለየነጥቡ ይከፋፈላል። ካልደረስን ግን ክፍት ነው፤ ስህተቱ አብሮን ይጓዛል፣ ምን ያህል እንደሆነም የሚነግረን የለም።

ኦፖርቹኒቲ ጃንዋሪ 25 ቀን 2004፣ በእኛ ጥር 16 ቀን 1996 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ 22 ሜትር ስፋት ባለው ኢግል ክሬተር በተባለ ክብ ጉድጓድ ውስጥ ካረፈች ጀምሮ ከዐሥራ አራት ዓመት በላይ ያካሄደችው ክፍት ትራቨርስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትን ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።) ማርስ ላይ ጂፒኤስ የለም። መላዋን ፕላኔት የሚሸፍን መግነጢሳዊ መስክ ስለሌላትም ኮምፓስ አይሠራም። ሮቨሯ የሄደችውን ርቀት ከጎማዋ ዙረት፣ መታጠፍዋንና መዘንበልዋን ከውስጥ መለኪያዋ ትረዳለች፤ መለኪያው እያደር ስለሚስት አቅጣጫዋን ለማረም ፀሐይን በካሜራዋ ትፈልጋለች። ጎማ በሚያንሸራትት ቦታ ደግሞ ጥቂት በተጓዘች ቁጥር ምስል ታነሳና፣ በቀደመውና በአዲሱ ምስል ላይ የሚታዩትን ድንጋዮች አነጻጽራ እውነተኛ እርምጃዋን ታሰላለች። ስህተቱ ሲጠራቀም ምድር ላይ ያሉት ባለሙያዎች የቆመችበትን ቦታ አዲስ መነሻ አድርገው ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምሩታል። ስለዚህ ጥሬውን መረጃ የከፈተ ሰው የሚያገኘው አንድ ረጅም ጉዞ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የተቀጣጠሉ ብዙ አጫጭር ጉዞዎችን ነው።

ጎማን ብቻ ማመን ምን ያህል እንደሚያሳስት የሶቪየት ኅብረቷ የጨረቃ ሮቨር ሉኖክሆድ 2 ጥሩ ምስክር ናት። በ1973 ጨረቃ ላይ አርፋ ለአራት ወራት ገደማ ስትጓዝ ርቀት ለመለካት ብቻ የተሠራ ዘጠነኛ ጎማ ነበራት፤ ጉዞዋም 37 ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ለአርባ ዓመት ያህል ሲጻፍ ኖረ። በኋላ የአሜሪካ መንኮራኩር ከጨረቃ ምህዋር ዱካዋን ፎቶ ሲያነሳ የሞስኮ ተመራማሪዎች በምስሉ ላይ ለክተው 42 አሉ፤ ስሌቱ እንደገና ሲመረመር 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጸና። ኦፖርቹኒቲ በጁላይ 2014 40 ኪሎ ሜትር አልፋ ከምድር ውጭ የረጅም ጉዞን ክብረ ወሰን ከመረከቧ በፊት፣ የሞስኮዋ ኢሪና ካራቼቭትሴቫና የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባልደረባው ቲም ፓርከር ከሌሎች ጋር ሆነው የሁለቱ ጉዞ በአንድ ዓይነት የካርታ ስሌት መለካቱን አብረው አረጋግጠዋል። አዲሱ ባለ ክብረ ወሰን የቀድሞውን ርቀት በተስተካከለ መለኪያ ለማወቅ ይህን ያህል መድከሙን እኔ ከክብረ ወሰኑ አብልጬ አከብረዋለሁ።

የኦፖርቹኒቲን ክፍት ትራቨርስ ከላይ የመጣ ዓይን ዘጋው። ማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር የተባለው በማርስ ዙሪያ የሚዞር መንኮራኩር በማርች 2006 ማርስ ደረሰ፤ ሃይራይዝ የተባለው ካሜራው አንዱ ፒክሰል 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ምስል ያነሳል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ሮቨሯ ቪክቶሪያ ክሬተር ጠርዝ ላይ ቆማ ሳለች አነሳት፤ የጎማዋ ዱካ ሳይቀር ታየ። በመሬት ላይ የተለካው በሰማይ ከታየው ጋር ሲገጣጠም ምን እንደሚሰማ፣ ትራቨርስ ዘግቶ የሚያውቅ ቀያሽ ይረዳኛል።

የደመሰስኳቸው ረድፎች

በካርታዬ ላይ ከመስመሩ ሌላ እንድትንቀሳቀስ አድርጌ የሠራኋት ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። ቁልፉ ሲነካ ከኢግል ክሬተር ተነስታ በመስመሩ ላይ ትጓዛለች፣ ከላይ የሶሉ ቁጥር ይቆጥራል፤ ሶል የማርስ ቀን ነው፣ ከእኛ ቀን በ40 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክራት በደንብ ስትሄድ ቆይታ ሶል 446 ላይ ቀጥ አለች። ቁጥሩ ይቆጥራል፣ ነጥቧ ግን አትንቀሳቀስም። ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎኝ ሰንጠረዡን ስከፍት ተከታትለው የሚመጡት ረድፎች አንድ ዓይነት ኮኦርዲኔት የያዙ ሆነው አገኘኋቸው። በእኛ ሥራ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ነጥብ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ አንዱን አስቀርተን ሌላውን እንሰርዛለን። ስለዚህ ከቀደመው ነጥብ ሁለት ሜትር ያልራቀ ረድፍ ሁሉ ይሰረዝ የሚል አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ። ነጥቧም ያለ አንዳች እንቅፋት እስከ መጨረሻው ፈሰሰች። የእህቴ ልጅ ያየችው ይህንኑ የጸዳውን ካርታ ነበር።

ጥያቄዋ አላስተኛ ሲለኝ እያንዳንዱ ነጥብ በምን እንደታወቀ ከአጠገቡ ልጽፍ ወሰንኩና የተልእኮውን ዘገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንበብ ያዝኩ። ኤፕሪል 26 ቀን 2005 ላይ ደረስኩ። የዕለቱ ትእዛዝ 90 ሜትር እንድትጓዝ ነበር። 40 ሜትር ያህል ሄዳ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ለስላሳ የአሸዋ ክምር ላይ ወጣች፤ ጎማዎቿም መስመጥ ጀመሩ። መስመጧን ግን አላወቀችም። ጎማዎቹ እየዞሩ ቆጠራውን ቀጠሉ፤ በቀሪው 50 ሜትር ልክ ከዞሩ በኋላ የታዘዘችውን ርቀት እንደጨረሰች ሁሉ ቆመች። ምስሎቿ ምድር ሲደርሱ ስድስቱም ጎማዎች አሸዋ ውስጥ ናቸው። ባለሙያዎቹ ቦታውን ፐርጋቶሪ አሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሳምንታት የተደረገ ትዕግሥት ነው። መሐንዲሶቹ አዲስ ትእዛዝ ከመላካቸው በፊት በቤተ ሙከራ ውስጥ አሸዋና ሌላ ልም ነገር ቀላቅለው፣ አምሳያ ሮቨር አስምጠው፣ እንዴት ብትንቀሳቀስ እንደምትወጣና እንዴት ብትንቀሳቀስ ይብስ እንደምትሰምጥ ሞከሩ። ከዚያ ጥቂት ዙር ያዛሉ፣ ምስሉን ይጠብቃሉ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተገኘ ይለካሉ፣ እንደገና ያዛሉ። ጎማዎቹ 192 ሜትር በሚያስኬድ ልክ ተሽከርክረው ያስገኙት እርምጃ አንድ ሜትር ገደማ ነበር። ጁን 4 ቀን ወጣች። 39 ቀን መሆኑ ነው።

ይህን አንብቤ ሰንጠረዤን ስከፍት ከእነዚያ 39 ቀናት አንዱም አልተረፈም። ሁለት ሜትር ያልራቀ ሁሉ ይሰረዝ ብዬ አዝዤ ስለነበር፣ በዚያ ጉዞ ሁሉ ብዙ ሰው ብዙ የለፋባት አንዷ ሜትር ከሁለት ሜትር ስለምታንስ ተሰርዛለች። በካርታዬ ላይ ነጩ ነጥብ ፐርጋቶሪን ሳያስተውል ያልፈዋል። ወንበሬ ላይ ተደግፌ ለረጅም ጊዜ ስመለከተው ቆየሁ። የሮቨሯ ጎማ ያልተሄደውን መንገድ ሄድኩ ብሎ ነበር፤ ያ ስህተት በምስል ተይዞ ታርሟል። የእኔ ትእዛዝ ደግሞ የተኖረውን ቀን አልነበረም አለ፤ ይህኛውን የሚይዘው ምስል የለም፣ ምክንያቱም የሚታየው ነገር ሁሉ ትክክል ነው። የቀረው እያንዳንዱ ነጥብ በቦታው ነው፣ ርዝመቱ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ መስመሩ ያምራል። ልጅቷ «በምን አወቀ?» ስትለኝ የጠየቀችው በመስመሩ ላይ ስላለው ነበር። እኔ በመልሱ ፍለጋ ያገኘሁት ከመስመሩ የጎደለውን ነው።

የመቆም ሥራ

ከዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ አንድ ጉብታ ላይ የመነሻ ነጥብ ለማጽናት ጂፒኤሱን ትሪፖድ ላይ ተክለን ተቀምጠን ሳለ፣ ከብቶቻቸውን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ከጠዋት ጀምረው ሲያዩን ቆይተው «ልጆቼ፣ ሥራችሁን የምትጀምሩት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። «አባባ፣ እየሠራን እኮ ነው» አልናቸው። አላመኑንም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነበር። መሣሪያው በአንድ ቦታ በቆየ መጠን ከሳተላይቶቹ የሚያገኘው ልኬት ይበዛል፣ የነጥቡም ቦታ ይጠራል። የአካባቢው ሌላ ልኬት ሁሉ የሚታሰረው በዚያ ለሰዓታት በተቆመበት ነጥብ ላይ ነው። ይህን እያወቅሁ ለማርስ ካርታ ሲሆን መቆምን እንደ ድግግሞሽ መቁጠሬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ትእዛዙን አንስቼ የተሰረዙትን ረድፎች መለስኳቸውና አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግሪሊ ሄቨን የተባለው ቦታ ነው። ኦፖርቹኒቲ በኦገስት 2011 ኢንዴቨር የተባለው 22 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ክሬተር ጠርዝ ከደረሰች በኋላ የማርስ ክረምት መጣ፤ የፀሐይ ብርሃኑ ስለሚያንስ ለመንዳት የሚበቃ ኃይል አልነበራትም። ፓነሎቿ ወደ ፀሐይ እንዲያዘነብሉ ተዳፋት ላይ ቆማ 19 ሳምንት ቆየች፤ የተንቀሳቀሰችው ሜይ 8 ቀን 2012 ነው። በዚያ ጊዜ ምድር ላይ ያሉት ሳይንቲስቶች የሬዲዮ ምልክቷን እየተከታተሉ፣ የማርስ የዙረት ዘንግ እንዴት እንደሚወዛወዝ ሊለኩ ተነሱ፤ ከውዝዋዜው ስለ ፕላኔቷ ውስጠኛ ክፍል መረዳት ይቻላልና። ይህ ሥራ ከምትንቀሳቀስ ሮቨር አይገኝም። ልክ እንደ እኛ ትሪፖድ፣ ለሳምንታት ካልቆመች በስተቀር የምልክቱ ለውጥ የፕላኔቷ ይሁን የራሷ አይለይም። በእኔ የጸዳ ካርታ ላይ ይህ ሁሉ አንዲት ነጥብ ነበር፤ እሷም ከሌሎቹ በምንም አትለይም።

ካርታውን እንደገና ሠራሁት። መስመሩን ውብ ለማድረግ ማዕዘኖቹን የሚያጎብጠውን ትእዛዝ አስወጣሁ፤ በሁለት ነጥብ መካከል የምናውቀው ከአንዱ ተነስታ ወደ ሌላው መድረሷን ስለሆነ መስመሩን አሳስቼ በነጠብጣብ ተካሁት። በእያንዳንዱ የቆመችበት ቦታ ክብ አኖርኩ፤ የክቡ ስፋት በቆየችባቸው ሶሎች ልክ ነው። ክቡን የነካ ሰው ቦታው በጎማ ቆጠራ፣ በሮቨሯ ምስል ወይም ከምህዋር በተነሳ ፎቶ መታወቁን ያነባል። ነጯም ነጥብ ሶል 446 ላይ ትቆማለች፤ ተመልካቹ የተሰናከለ እንዳይመስለው ከጎኗ «አሸዋ ውስጥ ናት» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ካርታው እንደ በፊቱ አያምርም። ቀጭን ክር ላይ እኩል ያልሆኑ ዶቃዎች የተሰኩበት ይመስላል፤ ትልልቆቹ ዶቃዎች ያሉት ደግሞ መንገዱ ምንም በማያሳይበት ቦታ ነው።

የመልቀቂያ ቀን

አንድ ክብ ብቻ አልሰላ አለኝ። ስፋቱ የሚገኘው ከደረሰችበት ቀን እስከ ለቀቀችበት ቀን ካለው ልዩነት ነው፤ የመጨረሻው ነጥብ ግን የመልቀቂያ ቀን የለውም። ኦፖርቹኒቲ በኢንዴቨር ክሬተር ጠርዝ፣ ፐርሰቨረንስ ቫሊ በተባለው ሸለቆ ውስጥ ሳለች፣ በ2018 መላዋን ማርስ የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ጋረደባት። ለ90 ሶል ታስባ የተላከችው ሮቨር የመጨረሻ መልእክቷን የላከችው ጁን 10 ቀን፣ በሶል 5111 ነው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሺህ በላይ ትእዛዝ ተላከላት፤ መልስ ስላልተገኘ ናሳ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2019 ተልእኮው ማብቃቱን አስታወቀ።

መጀመሪያ በባዶው ቦታ ሶል 5111 ብዬ ሞላሁ፤ ወዲያው ግን አጠፋሁት። ያ ድምፅዋ የጠፋበት ቀን ነው፤ ከቦታው የሄደችበት ቀን አይደለም። ባዶውን ስተወው ፕሮግራሙ በራሱ የዕለቱን ቀን እየተካ ክቡን በየቀኑ ያሳድገዋል፤ በሒሳብ ደረጃ ይህ ትክክል ነው፣ እዚያው ናትና። ይሁን እንጂ በሌሎቹ ክቦች ውስጥ የምትሠራ ሮቨር አለች፤ እዚህ የለችም። በመጨረሻ ክቡን ውስጡን ሳልቀባ፣ ጠርዙን ብቻ ቀለበት አድርጌ አስቀመጥኩት። ከእሱ ጋር አንድ ፎቶግራፍ አያያዝኩ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2018 አቧራው መርጋት ሲጀምር ሃይራይዝ በሸለቆው ላይ ሲያልፍ ያነሳው ነው። በዚያን ጊዜ ሮቨሯ ስለራሷ አንዳች አትናገርም ነበር፤ ስለዚህ ይህኛው ነጥብ የታወቀው በሌላ ዓይን ብቻ ነው።

ለእንቁጣጣሽ የእህቴ ልጅ አበባዋን ይዛ ስትመጣ አዲሱን ካርታ ከፈትኩላት። ነጠብጣቡን ተከትላ፣ ትልልቆቹ ክቦች ላይ እየቆመች፣ እስከ ቀለበቱ ደረሰች። ስትነካው ፎቶው ተከፈተ፤ በቡናማው ሸለቆ መካከል አንዲት ፈዘዝ ያለች ነጥብ።

«ይቺ ናት?»

«አዎ፣ እሷ ናት።»

በሁለት ጣቷ አጎላችው። ነጥቧ ሰፋች፣ ከዚያም ጥቂት ጠርዛማ ካሬዎች ሆነች። ስልኩ ከዚያ በላይ አላጎላ አለ፤ እሷ ግን ጣቶቿን ከላዩ ላይ አላነሳችም።